ከተማው ሲከለክል ክፍለ ግዛቱ ይፈቅዳል፤ የካሊፎርኒያ የቤት መሬት ውዝግብ

ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ ዉድሳይድ የምትባል፣ 5 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት የባለጸጎች ከተማ አለች። ይህች ከተማ በ2022 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አወጀች። “የከተማችን ክልል በሙሉ የተራራ አንበሳ መኖሪያ ስለሆነ በአንድ ቦታ ላይ ከአንድ በላይ ቤት ለመሥራት የሚቀርብ ማመልከቻ አንቀበልም” አለች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋን ያሳሰባት ግን አንበሳው አልነበረም። በዚያው ወር ኤስ ቢ 9 የተባለ የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ሕግ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። ሕጉ አንድ ቤት ብቻ በሚፈቀድበት ቦታ ላይ ባለቤቱ ሁለት ቤት እንዲሠራ፣ ከፈለገም ቦታውን ለሁለት ከፍሎ እስከ አራት ቤት እንዲያቆም ይፈቅዳል። ሕጉ የዱር አራዊት መጠለያ የሆነ መሬትን ይተዋል። ዉድሳይድ ያችን ቀዳዳ አየችና ገባችባት። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሮብ ቦንታ ሕግ መጣስ መሆኑን ገልጸው ደብዳቤ ጻፉ፤ ከተማዋም በየካቲት ወር ማለትም በሳምንት ጊዜ ውስጥ ውሳኔዋን አነሳች። አንበሶቹ ምን እንዳሉ አልተሰማም።

ነገሩ ለቀልድ ቢመችም ከበስተጀርባው ያለው የብዙ ቢሊዮን ዶላር ጉዳይ ነው። በሎስ አንጀለስ፣ በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜ፣ እንዲሁም በሲያትልና በዳላስ ቤት የገዙ፣ ሱቅ የተከራዩ፣ የድለላ ፈቃድ አውጥተው የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። አዲስ አበባ ሆኖም “አሜሪካ ያለው ወንድሜ ጋር ተሻርከን ቦታ ልንገዛ ነው” የሚል ነጋዴ ጥቂት አይደለም። በእነዚህ ከተሞች ያለ አንድ ቦታ ዋጋው የሚወሰነው በመሬቱ ስፋት ብቻ ሳይሆን በላዩ ላይ ምን ያህል መሥራት በመፈቀዱ ነው። ያን የሚወስነው አካል ደግሞ ከከተማው ወደ ክፍለ ግዛቱ እየተዛወረ ነው።

ዞኒንግ ከየት መጣ?

የአሜሪካ ከተሞች መሬታቸውን “ይህ ለመኖሪያ፣ ያ ለንግድ፣ ይኸኛው ለፋብሪካ” እያሉ የሚከፍሉበት ደንብ ዞኒንግ ይባላል። ኒው ዮርክ በ1916 አጠቃላይ ደንብ አወጣች። በካሊፎርኒያም በርክሊ በዚያው ዓመት አንድ ቤተሰብ ብቻ የሚኖርበት ቤት የሚፈቀድበትን ሰፈር ለይታ ደነገገች። በ1917 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዘር ለይቶ ሰፈር መከለልን ከለከለ። ከዚያ በኋላ በብዙ ቦታ “ጥቁር አይገባም” ማለት ሲቀር “አፓርታማ አይሠራም፣ ከዚህ ያነሰ ቦታ አይሸጥም” የሚለው መጣ። ድሃው ሙሉ ቦታ መግዛት ካልቻለ መግባት አይችልምና ውጤቱ እምብዛም የራቀ አልነበረም።

ዞኒንግን በሕግ ያጸናው በ1926 የተሰጠው የዩክሊድ ውሳኔ ነው። ዩክሊድ በክሊቭላንድ አጠገብ ያለች የኦሃዮ መንደር ስትሆን፣ ከሳሹ አምብለር ሪልቲ የተባለ የመሬት ነጋዴ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ደንቡ የመሬቴን ዋጋ ጣለብኝ ብሎ ቢከራከርም ተረታ። በዚያ ፍርድ ውስጥ አፓርታማ በግል ቤቶች ሰፈር ሲሠራ እንደ ጥገኛ ተሕዋስ ተቆጥሮ ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ከተሞች ምክር ቤቶች በመሬታቸው ላይ እንደ ባላባት አዘዙ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነጥብ አለ። በአሜሪካ ሕግ ከተማ የክፍለ ግዛት ፍጡር ነው። ሥልጣኑን የሚያገኘው ከላይ ነው፤ የሰጠው አካል ደግሞ መልሶ ሊወስድ ይችላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግን የራሳቸው ቻርተር ያላቸው ከተሞች “በከተማ ጉዳያችን አትግቡብን” የሚሉበት የሕገ መንግሥት አንቀጽ አላቸው። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ “የቤት እጥረት የከተማ ጉዳይ ነው ወይስ የክፍለ ግዛቱ በሙሉ?” በሚለው ላይ ያርፋል።

ከተማው ለምን ይከለክላል?

ከተማ ቤት እንዳይሠራ የሚከለክለው በክፋት ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ አለው። በ1978 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ፕሮፖዚሽን 13 የተባለውን ሕግ በድምፁ አጸደቀ። በዚህ መሠረት የንብረት ግብር ከተገመተው ዋጋ 1 በመቶ ገደማ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም ቤቱ እስካልተሸጠ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ተደረገ። ከአርባ ዓመት በፊት የገዛ ሰው ዛሬም የሚከፍለው በድሮው ግምት ላይ ተመሥርቶ ነው። እንግዲህ ለከተማው አዲስ መኖሪያ ቤት ማለት ትምህርት ቤት፣ የቆሻሻ ማንሳት፣ ፖሊስ የሚፈልግ ነዋሪ ሲሆን፣ የገበያ አዳራሽ ግን የሽያጭ ታክስ ያመጣለታል። ከንቲባው የቱን እንደሚመርጥ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምክንያት ድምፅ ነው። በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ መጥቶ “ፀሐዬን ይጋርድብኛል፣ መኪና ማቆሚያ ያጣብብብኛል” የሚለው ቤቱን የገዛው ሰው ነው። ገና ባልተሠራው ቤት ሊኖር የሚችለው ሰው ግን ሌላ ከተማ ነው ያለው፤ በዚህ ከተማ አይመርጥም። በ2023 አተርተን በተባለችው የሀብታሞች ከተማ ዝነኛው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስቴፈን ከሪና ባለቤቱ፣ ከቤታቸው አጠገብ ያለው ቦታ ለብዙ ቤቶች እንዳይፈቀድ፣ ከተፈቀደም ከፍ ያለ አጥርና ዛፍ እንዲደረግ በደብዳቤ ጠይቀዋል። ማንም ጎረቤት የሚያደርገው ነው። ግን ሁሉም ከተማ እንዲህ ሲያደርግ በጠቅላላው ቤት የሚሠራበት ቦታ ይጠፋል። በካሊፎርኒያ የነጠላ ቤት መካከለኛ የመሸጫ ዋጋ በሚያዝያ 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ከ900 ሺህ ዶላር በላይ ሆኗል።

ክፍለ ግዛቱ የያዘው ዱላ

ካሊፎርኒያ ከተሞች የቤት እቅድ እንዲያወጡ ያዘዘችው በ1969 ነው። በየስምንት ዓመቱ ለእያንዳንዱ ከተማ “ይህን ያህል ቤት የሚሠራበት ቦታ አዘጋጅ” ተብሎ ኮታ ይደርሰዋል። በአሁኑ ዙር የክፍለ ግዛቱ ኮታ 2.5 ሚሊዮን ቤት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 1 ሚሊዮን ያህሉ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ የታሰበ ነው። ለሳን ፍራንሲስኮ 82 ሺህ፣ ለሎስ አንጀለስ ከተማ 456 ሺህ ገደማ ደርሷል።

ለረጅም ዘመን ይህ ኮታ ወረቀት ብቻ ነበር። ከተማው እቅዱን ይጽፋል፤ ቦታው ላይ የቆመ ቤተ ክርስቲያን ወይም የገበያ ማዕከል “ለቤት የታሰበ” ተብሎ ይመዘገባል፤ ማንም አይጠይቅም። ነገሩ የተለወጠው ከ2017 ወዲህ ነው። በሴናተር ስኮት ዊነር የቀረበው ኤስ ቢ 35 ኮታውን ያላሟላ ከተማ መመዘኛውን ያሟላ ግንባታ በክርክር እንዳያጓትት አስገደደ። ማመልከቻው ደንቡን ካሟላ ይፈቀዳል፣ አለቀ። ጎረቤት ቢያለቅስም፣ ምክር ቤቱ ባይወደውም ፈቃዱ ይሰጣል።

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን “የሠሪው መፍትሔ” የሚባለው ነው። ሕጉ የቆየ ነው፤ በ1990 ነው የተጻፈው። በወቅቱ ተቀባይነት ያለው የቤት እቅድ የሌለው ከተማ፣ የተወሰነ ድርሻውን በዝቅተኛ ዋጋ የሚያቀርብ ግንባታ ሲመጣበት በዞኒንጉ ሰበብ መከልከል አይችልም ይላል። ለሠላሳ ዓመት ማንም አልነካውም። በ2022 ሳንታ ሞኒካ እቅዷ ሳይጸድቅ ቀኑ ሲያልፍባት፣ ቤት ሠሪዎች ያችን ክፍተት ተጠቅመው ከ4 ሺህ በላይ ቤት የሚይዙ ማመልከቻዎች በአንድ ጊዜ አስገቡ። የከተማው ሰዎች በጠዋት ሲነሱ በዓመታት ያልፈቀዱትን ያህል ቤት ደጃቸው ላይ ቆሞ አገኙት። ከተማዋ ኋላ ላይ ከትልቁ ሠሪ ጋር ተደራድራ ብትስማማም፣ ሌሎች ከተሞች ግን እቅዳቸውን ለማጸደቅ ተሯሯጡ። በ2024 ምክር ቤቱ ሕጉን አሻሽሎ ከፊሉን ለከተሞቹ አለዘበ፣ ከፊሉን ደግሞ ለሠሪዎቹ አቀለለ።

ከተሞችም ዝም አላሉም። ሀንቲንግተን ቢች ከክፍለ ግዛቱ ጋር ከ2019 ጀምሮ በፍርድ ቤት ስትካሰስ ኖራለች። በፌዴራል ፍርድ ቤት ያቀረበችውን ክስ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2024 ውድቅ አድርጎባታል። በሌላ በኩል አምስት ቻርተር ያላቸው ከተሞች ኤስ ቢ 9ን ከስሰው በ2024 በሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ረትተዋል። ዳኛው ያሉት ሕጉ ቤት ለማርከስ ነው ይበል እንጂ የሚሠራው ቤት ርካሽ እንዲሆን የሚያስገድድ ነገር የለውም ነው። ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት ባወጣው ማሻሻያ የሕጉን ዓላማ አስተካክሎ ጻፈ። ድመትና አይጥ መሆናቸው ነው።

ሰርቪስ ቤቱ ለምን ተሳካ?

ከነዚህ ሁሉ ሕጎች ውስጥ በርግጥ ብዙ ቤት ያስገኘው ትንሹ ነው። እኛ ሰርቪስ የምንለው፣ በግቢ ጓሮ የሚሠራ ተጨማሪ ቤት። በ2016 በወጡት፣ በ2019 ደግሞ በተጠናከሩት ሕጎች ከተማው እንዲህ ያለውን ማመልከቻ በ60 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ስፋቱ እስከ 800 ካሬ ጫማ፣ ከጎንና ከኋላ አጥር 4 ጫማ የራቀ ከሆነ በዞኒንጉ ሰበብ መከልከል አይቻልም። ከ750 ካሬ ጫማ በታች ከሆነ ከተማው የልማት መዋጮ የሚባለውን ክፍያ አይጠይቅም። ባለቤቱ እዚያው ካልኖረ ማለትም ቀርቷል።

ውጤቱ ምን ሆነ? በ2016 በመላው ክፍለ ግዛቱ የተፈቀደው ሰርቪስ ቤት ከ1300 አይበልጥም ነበር። በ2022 ከ20 ሺህ በላይ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሬቱ የባለቤቱ ነው፤ አይገዛም። ነባሩ ቤት አይፈርስም። ፈቃዱ ቀን ተቆርጦለታል። ባንክ የሚያበድረው በቆመው ቤት ዋስትና ነው። በብዙ የሐበሻ ቤተሰብ ደግሞ ከአገር ቤት የመጡ ወላጆችን ማሳረፊያ፣ እነሱ ሲመለሱ ማከራያ ሆኖ ያገለግላል። ሳን ሆዜ በ2024፣ በ2023 በወጣ ሌላ ሕግ ተጠቅማ፣ ሰርቪሱ ከዋናው ቤት ተለይቶ እንዲሸጥ በክፍለ ግዛቱ ከፈቀዱት ቀዳሚዋ ከተማ ሆናለች። ሌሎች ከተሞች ይህን መፍቀድ አለመፍቀዳቸው በራሳቸው ፈቃድ ስለሆነ፣ “ለይቼ እሸጠዋለሁ” ብሎ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የከተማውን ደንብ ይይ።

ኤስ ቢ 9 ግን እንደተወራለት አልሄደም። እዚህ ላይ ደላሎችን በቅንነት መምከር ያስፈልጋል። “ይህ ቦታ አራት ቤት ይይዛል” ብሎ ገዢን ማስጎምጀት በ2022 ፋሽን ሆኖ ነበር። ዝርዝሩ ግን እንዲህ ነው፦ ቦታውን ለሁለት የሚከፍል ሰው ለሦስት ዓመት እዚያ እንደሚኖር በመሐላ ይፈርማል፤ ስለዚህ ነጋዴ ገዝቶ፣ ከፍሎ፣ ሸጦ መሄድ አይችልም። የሚከፈለው እያንዳንዱ ቁራጭ ከ1200 ካሬ ጫማ፣ ከቀድሞው ቦታም ከ40 በመቶ ማነስ የለበትም። ባለፉት ሦስት ዓመታት ተከራይ የነበረበትን ቤት ማፍረስ አይቻልም። የነዋሪዎች ማኅበር ያለበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ የማኅበሩ የውል ክልከላ በዚህ ሕግ አይሻርም። ከተማው የፈቀደውን የሰፈሩ ማኅበር ሊከለክል ይችላል ማለት ነው። ይህን ሳያነብ የገዛ ሰው ያለው አንድ ቤትና አንድ ትልቅ ግቢ ነው።

ፈቃድ ሌላ፣ ሒሳብ ሌላ

አሁን የገበያ ገጻችንን ወደሚመለከተው ዋና ነጥብ እንምጣ። ሕጉ ብዙ ቤት ስለፈቀደ ብዙ ቤት ይሠራል? እንደ ሒሳቡ ነው። ለምሳሌ ያህል ከራሳችን ቁጥር አውጥተን እናስላው።

አንድ አሮጌ ቤት ያለበት ቦታ በ1 ሚሊዮን ዶላር ይሸጣል እንበል። ከተማው በዚህ ቦታ ላይ ስድስት አፓርታማ ይፈቅዳል። እያንዳንዱ በ650 ሺህ ቢሸጥ ጠቅላላ ሽያጩ 3.9 ሚሊዮን ነው። ግንባታው ለአንዱ 380 ሺህ፣ በድምሩ 2.28 ሚሊዮን ይፈጃል። ለንድፍ፣ ለፈቃድ ክፍያ፣ ለወለድ 500 ሺህ ይውጣ። ሠሪው ከሽያጩ 15 በመቶ፣ ማለትም 585 ሺህ ካላገኘ ባንክም አያበድረው፣ እሱም አይደክምበት። ይህ ሁሉ ሲቀነስ ለመሬቱ የሚተርፈው 535 ሺህ ነው። ባለቤቱ አንድ ሚሊዮን የሚያወጣ ቤቱን በ535 ሺህ አይሸጥም። ስድስት ቤት ተፈቀደ፣ አንድም አልተሠራም።

ክፍለ ግዛቱ ገብቶ አሥራ ሁለት እንዲሆን ያዝዝ። ሽያጩ 7.8፣ ግንባታው 4.56፣ ልዩ ልዩ ወጪው 1፣ ትርፉ 1.17 ሚሊዮን ይሆናል። ለመሬቱ የሚተርፈው 1.07 ሚሊዮን ነው። አሁን ነገሩ ለጥቂት ያዋጣል። ልብ በሉ፤ መሬቱ አልሰፋም፣ አፈሩም አልተለወጠም፤ ዋጋው ግን በአንድ ፊርማ እጥፍ ሆነ። የከተማ ምክር ቤት አባልነት አንዳንድ ቦታ ለምን ተፈላጊ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ነገር ግን ፈቃዱ ሁለት ዓመት ቢጓተትስ? በ1.07 ሚሊዮን ላይ በዓመት 9 በመቶ ወለድ ለሁለት ዓመት ሲታሰብ 193 ሺህ ገደማ ነው። ቀሪው 877 ሺህ ስለሚሆን ባለቤቱ አይሸጥም፤ ሥራው ሞተ። ወይም ሕጉ ፎቁን ሲፈቅድ ከፍ ያለ የሠራተኛ ደመወዝ አብሮ ቢያስገድድና የግንባታው ወጪ 10 በመቶ ቢጨምር፣ 456 ሺህ ይነሳና ለመሬቱ 614 ሺህ ይቀራል። አሁንም ሞተ።

ካሊፎርኒያ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። አንዱ ሕግ ይፈቅዳል፤ ሌላው ወጪ ይጭናል፤ ሦስተኛው ያጓትታል። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2025 ባወጣው ጥናት በካሊፎርኒያ አፓርታማ መሥራት በካሬ ጫማ ከቴክሳስ ሁለት እጥፍ በላይ እንደሚፈጅ፣ ጊዜውም ከ22 ወር በላይ እንደሚረዝም አሳይቷል። አገረ ገዥ ጋቪን ኒውሰም በ2018 ሲወዳደሩ እስከ 2025 ድረስ 3.5 ሚሊዮን ቤት ይሠራል ብለው ነበር። በተግባር ግን ክፍለ ግዛቱ በዓመት የሚፈቅደው 100 ሺህ ቤት አካባቢ ሆኖ ቆይቷል።

በሰኔ 2025 መጨረሻ የወጣው ሕግ የማጓተቱን ዋና መሣሪያ ነክቷል። በ1970 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ማንኛውም ሰው “ጥናቱ ጎደሎ ነው” ብሎ ግንባታን በክስ እንዲያስቆም መንገድ ከፍቶ ኖሯል። ተፎካካሪ ነጋዴም፣ የሠራተኛ ማኅበርም፣ ቅር ያለው ጎረቤትም ተጠቅመውበታል። አሁን በከተማ ውስጥ በተያዘ ቦታ ላይ የሚሠሩ አብዛኞቹ መኖሪያ ቤቶች ከዚህ ነፃ ሆነዋል። በእኛ አስተያየት በወለድ ለሚሠራ ሰው ይህ ከተጨማሪ ፎቅ ይልቅ ይጠቅማል።

በባቡር ጣቢያ ዙሪያ

ስኮት ዊነር በባቡር ጣቢያ ዙሪያ ፎቅ በግድ የሚያስፈቅድ ሕግ በ2018 አቀረቡ፤ በኮሚቴ ወደቀ። ኤስ ቢ 50 ብለው መልሰው አመጡት፤ በጥር 2020 በሴኔቱ ወደቀ። በሦስተኛው፣ ኤስ ቢ 79 ተብሎ፣ በጥቅምት 2025 በአገረ ገዥው ፊርማ ጸደቀ። የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት በ8 ለ5 ድምፅ ተቃውሞት ነበር፤ ከንቲባ ካረን ባስም አልደገፉትም። ሕጉ ከሐምሌ (ጁላይ) 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል ተደንግጓል።

ይዘቱ ባጭሩ ይህ ነው። ብዙ የባቡር ጣቢያ ባላቸው ስምንት ካውንቲዎች፣ በትልቁ የምድር ባቡር ጣቢያ አጠገብ እስከ ዘጠኝ፣ እስከ ሩብ ማይል ሰባት፣ እስከ ግማሽ ማይል ስድስት ፎቅ ይፈቀዳል። በቀላል ባቡርና የራሱ መንገድ ባለው ፈጣን አውቶቡስ መስመር ላይ ስምንት፣ ስድስትና አምስት ይሆናል። (አሜሪካኖች ምድሩን እንደ አንደኛ ፎቅ ስለሚቆጥሩ የእነሱ ዘጠኝ የእኛ ጂ ፕላስ 8 ነው።) ከተማው በራሱ ሌላ እቅድ ሊተካው ይችላል፤ ነገር ግን በጠቅላላው የሚፈቀደው የቤት ብዛት እንዳይቀንስ ይጠበቅበታል።

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው፣ ከተማው በ2002 “ሊትል ኢትዮጵያ” ብሎ የሰየመው ሰፈራችን ከዚህ ርቆ አይታይም። ከሰፈሩ በስተሰሜን በዊልሻየር ጎዳና ስር የምድር ባቡሩ ማራዘሚያ ተቆፍሯል፤ ዊልሻየርና ፌርፋክስ መገናኛ ላይ ጣቢያ አለው። እያንዳንዱ ሱቅ ከጣቢያው በግማሽ ማይል ክልል ውስጥ መግባት አለመግባቱ በካርታ ተለክቶ የሚታይ ነው። ክልሉ ውስጥ ባይገባም ግን የአጎራባቹ መሬት ዋጋ ሲነሳ የዚህም አከራይ ዓይኑን ይከፍታል።

ለሕንፃ ባለቤት ይህ የምሥራች ነው። ለተከራይ ነጋዴ ግን ሌላ ነው። ሕጉ የኪራይ ቁጥጥር ያለባቸውን የመኖሪያ አፓርታማዎች ከመፍረስ የሚጠብቅ አንቀጽ ሲኖረው፣ ምግብ ቤት፣ የቡና መሸጫና የሐበሻ ልብስ ሱቅ የያዘ ተከራይ ግን እንዲህ ያለ መከታ የለውም። ይባስ ብሎ በካሊፎርኒያ ከ1987 ጀምሮ ከተሞች የንግድ ቤት ኪራይን እንዳይቆጣጠሩ በሕግ ተከልክለዋል። ስለዚህ ነጋዴው በዋናነት የሚጠበቀው በውሉ ነው።

ሌሎች ክፍለ ግዛቶች

ካሊፎርኒያ ብቻዋን አይደለችም። ኦሪገን በ2019 ከሁሉም ቀድማ በትልልቆቹ ከተሞቿ የአንድ ቤት ብቻ ክልልን አስቀርታለች። ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በ2023 ባወጣው ሕግ 75 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸው ከተሞች በአንድ ቦታ አራት ቤት፣ በትልቅ መጓጓዣ አጠገብ ስድስት እንዲፈቅዱ አዟል፤ ሲያትል የዚህ ሕግ አንዷ ናት። ማሳቹሴትስ በ2021 በቦስተን ባቡር መስመር ያሉ 177 ከተሞች አፓርታማ የሚሠራበት ክልል እንዲለዩ አዘዘ፤ ሚልተን የተባለች ከተማ ነዋሪዎች በ2024 በድምፃቸው ቢሽሩትም የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥር 2025 ሕጉ የሚያስገድድ ነው ብሏል።

ቴክሳስ ደግሞ በ2025 ከ150 ሺህ በላይ ሕዝብ ባላቸው ትልልቅ ከተሞች በንግድ ክልል ላይ አፓርታማ እንዲፈቀድ፣ ከ5 ኤከር ባላነሰ አዲስ መሬት ላይ የሚከፋፈሉ ቦታዎች እስከ 3000 ካሬ ጫማ እንዲያንሱ ደነገገ። በዳላስ ዙሪያ ጋዝ ጣቢያና የገበያ ሕንፃ የያዙ ወገኖቻችን ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ ትናንት ሱቅ ብቻ የነበረ መሬት ዛሬ የመኖሪያ ሕንፃ መሬት ሊሆን ይችላል።

በዋሽንግተን ዲ.ሲ. አጠገብ ያለው አርሊንግተን ግን የተገላቢጦሽ ምሳሌ ነው። እዚያ በ2023 ባለ ብዙ ቤት ግንባታን የፈቀደው ካውንቲው ራሱ ነው። ነዋሪዎች ከስሰው በ2024 አሳገዱት፤ በ2025 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮ ጉዳዩን መለሰው። ከላይ የክፍለ ግዛት ሕግ ባይኖር የአንድ ከተማ ፈቃድ እንዴት በፍርድ ቤት እንደሚንገላታ ያሳያል። ባለሀብቱ በዚህ መሀል ወለድ ይቆጥራል።

ክፍለ ግዛት የሰጠውንም መልሶ ሊወስድ ይችላል። በጥር 2025 የሎስ አንጀለስ ሰደድ እሳት ፓሊሴድስን ካወደመ በኋላ፣ ነጋዴዎች የተቃጠለውን ቦታ ገዝተው በኤስ ቢ 9 ሊከፋፍሉት ነው የሚል ጩኸት ተነሳ። ኒውሰም በሐምሌ ወር ባወጡት ትእዛዝ በተቃጠለው አካባቢ ሕጉ እንዲታገድ ለከተሞች ፈቀዱ፤ ከንቲባዋም አገዱት። ከዚያ በፊት “አራት ቤት ይሠራል” ብሎ የገዛ ካለ ሒሳቡ በአንድ ቀን ተለውጦበታል።

በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ውዝግቡ ይህን መልክ አይዝም። የኮንዶሚኒየሙ ፕሮግራም መንግሥት ራሱ ሠሪ የሆነበት ነበር። የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ግን ጡብ አይጥሉም፤ የሚያደርጉት የሚከለክለውን እጅ መያዝ ነው።

ወደ ፌርፋክስ ተከራዮች እንመለስና፣ ውል የሚያድስ ሰው ሦስት ነገር ቢያይ ይበጃል። አንደኛ፣ አከራዩ ሕንፃውን ለማፍረስ ሲፈልግ ውሉን እንዲያቋርጥ የሚፈቅድ አንቀጽ አለ ወይ? ካለ ስንት ወር ማስጠንቀቂያ፣ ምን ያህል ካሳ? ሁለተኛ፣ ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ለሠራው ማእድ ቤትና የጭስ መውጫ ማን ይከፍላል? ሦስተኛ፣ አዲሱ ሕንፃ ሲያልቅ በምድር ቤቱ ሱቅ ለመከራየት የቅድሚያ መብት፣ በምን ዋጋ እንደሆነ ጭምር፣ በጽሑፍ ተቀምጧል ወይ? አከራዩ “ከእናንተ ጋር ችግር የለብንም” ቢል እንኳ ሕንፃው ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት የሚያነበው ወረቀቱን ነው።